ቤታቸውን ሸጠው ጃፋ የወረዱት አሜሪካውያን፦ ተሸወዱ ወይስ ፈልገው ሄዱ?

የያፎ ጎረቤት (ጥያቄውን ያነሳችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ያነሳነው ጥያቄ ትዝ ይላችኋል። ነቢይ ነኝ የሚል ሰው ተከትሎ ንብረቱን የሚሸጥን ሰው መንግሥት ሊያስቆመው ይገባል ወይ የሚለው። ክርክሩ ስድብ ሆኖ ቀረ። ሁሉም የሚያውቀውን ፓስተርና ባህታዊ እየጠራ ተናደደ። ዛሬ የማናችንም ዘመድ ያልሆነ፣ 160 ዓመት ገደማ የሆነው ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። በእሱ ላይ እንከራከር፤ ማንም አይቆጣም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ሥራ ስሄድ የማልፍበት አንድ ሰፈር አለ። ያፎና ቴል አቪቭ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ የእንጨት ቤቶች አሉ። ይህ አገር የድንጋይና የሲሚንቶ አገር ነው። የእንጨት ቤት እዚህ ምን ይሠራል? አንድ ቀን ቆሜ ጠየቅኩ። ከአሜሪካ፣ ከሜይን ግዛት በመርከብ ተጭነው የመጡ ናቸው አሉኝ። እንጨቱ ተቆርጦ፣ ተለክቶ፣ መገጣጠም ብቻ ቀርቶት። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጆርጅ አዳምስ የሚባል ሰው ነበር። የቲያትር ሰው ነው። ቀጥሎ ሞርሞን የሚባለው የአሜሪካ ቤተ እምነት አባል ሆነ፤ አንደበቱ ጥሩ ስለነበረ ሰባኪ ወጣው። በኋላ አባረሩት። ሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ ባለችው ቢቨር ደሴት ጄምስ ስትራንግ የሚባል ሌላ ነቢይ በ1850 ራሱን ሲያነግሥ፣ ዘውዱን የጫነለት ይኸው አዳምስ ነበር። ከስትራንግም ጋር ተጣላ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ የራሱን «የመሲሑ ቤተ ክርስቲያን» አቋቋመና በሜይን የባሕር ዳር መንደሮች ተከታይ አገኘ። ስብከቱ ቀላል ነው። አይሁዶች ወደ ቅድስት አገር የሚመለሱበት ጊዜ ደርሷል፤ እኛ ቀድመን ሄደን መሬቱን እናዘጋጅ።

ኦገስት 11 ቀን 1866 ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ኔሊ ቻፒን በተባለች ባለሸራ መርከብ ከጆንስፖርት ተነሱ። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ሁሉ አለበት። ሴፕቴምበር 22 ጃፋ ደረሱ። ጃፋ ማለት የዛሬዋ ያፎ፣ ዮናስ ሊሸሽ የወረደባት ኢዮጴ ናት። ወደብ ትባል እንጂ ትልቅ መርከብ አታስጠጋም ነበር። ፊቷ አለት ነው። መርከቡ ባሕሩ ላይ ይቆማል፤ ሰውም ዕቃም በአገሬው ቀዛፊዎች ጀልባ ነው የሚወርደው። የቤት እንጨቱ ሁሉ በዚያ መንገድ ወረደ።

መሬቱ ገና አልተዘጋጀም ነበርና ባሕሩ ዳር ድንኳን ተከሉ። ከዓመት በፊት፣ በ1865፣ አገሩን ኮሌራ መትቶት ነበር። የሰፈሩት ደግሞ ከመቃብር አጠገብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሞት ጀመሩ። ልጆች በረከቱበት።

ከዚያ ቤቶቹን አቆሙ። አረሱም። ምርቱ አልያዘም። ገንዘባቸው በአዳምስ እጅ ነው፤ አዳምስ ደግሞ ይጠጣል። ዓመት ሳይሞላ ማኅበሩ ተሰነጠቀ። በ1867 መገባደጃ ላይ ኩዌከር ሲቲ የተባለች የአሜሪካ ጎብኚዎች መርከብ ጃፋ ስትደርስ 40 ያህሉን ጭና እስክንድርያ አወረደቻቸው። ጥቂቶች ቀሩ። አዳምስ በ1868 ጥሏቸው ሄደ፤ በ1880 ፊላደልፊያ ሞተ።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። እነዚህ ሰዎች ተሸወዱ ወይስ ፈልገው ሄዱ? ማስቆም የነበረበት አካልስ ነበረ? እኔ «ተታለሉ» የሚለው ቃል አይዋጥልኝም። ትልቅ ሰውን ሕፃን ያደርገዋል። በሉ።

ዝም አልልም

ምኑ ያከራክራል እህቴ? ተዋናይ፣ ሰካራም፣ ከሁለት ቤተ እምነት የተባረረ። አንዱን ነቢይ አንግሦ ሲያበቃ ራሱ ነቢይ ሆነ። ይህ ሰው ዛሬ ቢሆን ቴሌቪዥን ጣቢያ ይኖረው ነበር። ሸወዳቸው፣ በላቸው፣ ሄደ። አበቃ።

ሰብለ ሕግ

አላበቃም። አዳምስ አጭበርባሪ ነው በሚለው ከዝም አልልም ጋር እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሱ ጀርባ ያሉት ናቸው።

አንደኛ፣ በ1866 የውጭ አገር ሰው በኦቶማን ግዛት መሬት በስሙ መያዝ አይችልም ነበር። የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1867 ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ሜይን ያለውን የራሳቸውን ቤትና እርሻ ሸጠው የሄዱት፣ ሕጉ ባለቤት ወደማያደርጋቸው መሬት ነው። ይህን ማን ነገራቸው? ጃፋ ውስጥ መሬቱን ያፈላለገላቸው ሎዌንታል የሚባል ሰው ነው። እሱ ማነው? የአሜሪካ ምክትል ቆንስል! ዜጋውን እንዲጠብቅ የተሾመው ሰው የመሬቱ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ ቁጭ አለ። እዚህ ላይ «ፈልገው ሄዱ» ማለት ቀልድ ነው። የፈቃድ ዋጋው በመረጃው ልክ ነው። የተሳሳተ ነገር ተነግሮህ የፈረምከው ውል፣ ውል አይባልም።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ። የያፎ ጎረቤት ትልቅ ሰውን ሕፃን አታድርጉ ብለሻል። እሺ። መርከቡ ላይ የነበሩትን እውነተኛ ሕፃናትስ ምን እናድርጋቸው? ድንኳን ውስጥ የሞቱት እነሱ ናቸው። ማንም ትሄዳላችሁ ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ቦስተን ነኝ

እኔ ከሜይን ብዙም ሳልርቅ ነው የምኖረው። በበጋ እዚያ የባሕር ዳር መንደሮች ወርጄ አውቃለሁ። እስቲ ስለ ሰዎቹ ላውራ፤ ሁላችሁም ስለ አዳምስ ብቻ ስላወራችሁ።

ሞኞች አልነበሩም። መርከብ ሠሪ፣ አናጢ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ገበሬ ናቸው። በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካለቀ ገና ዓመት ከመንፈቅ አልሆነውም። ዘመዳቸውን ጦርነት በልቶታል። ጌታ ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ በዚያ አካባቢ አዲስ አልነበረም። ዊልያም ሚለር ጌታ በ1844 ይመጣል ብሎ ሕዝቡን ሲያነቃንቅ ብዙዎቹ ልጅ ወይም ጎረምሳ ነበሩ።

ደግሞ በጭፍን አልዘለሉም። በ1865 አዳምስ ከአንድ የመንደሩ ሰው፣ ከአብርሃም ማኬንዚ ጋር ፍልስጥኤም ሄዶ አይቶ ነው የተመለሰው። ልክ እንደ ኢያሱና ካሌብ ሰላይ ልከዋል ማለት ነው። ማኬንዚ የሚያምኑት የራሳቸው ሰው ነው። መሬቱን አየሁ፣ ጥሩ ነው አለ። ከዚያ በኋላ እኮ ነው ቤት ሠርተው፣ አፍርሰው፣ እንጨቱን ቆጥረው የጫኑት። ቤቱን በመርከብ ጭኖ ውቅያኖስ የሚሻገር ሰው ተስፋ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው አይደለም። ዝግጅት ነበረው።

የጎደላቸው ሌላ ነው። የሜይን ገበሬ በረዶ ያውቃል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ጠብታ የማይወርድበት መሬት አያውቅም። ማረሻው፣ ዘሩ፣ የቀን አቆጣጠሩ ሁሉ የሌላ አገር ነው። ይህ አለማወቅ ይባላል እንጂ መታለል አይባልም።

ዝም አልልም

ወንድሜ ቦስተን፣ ኢያሱና ካሌብ ወይን ዘለላ በመሎጊያ ተሸክመው መጡ። ማኬንዚ ምን ይዞ መጣ? በ1865 እኮ አገሩ ላይ ኮሌራ ነበር፤ ራሷ ጎረቤታችን ነች የጻፈችው። በዚያው ዓመት አንበጣም መጥቶ ነበር። ኮሌራና አንበጣ አይቶ «ጥሩ ነው» ያለ ሰላይ ወይ ዓይኑ ታሟል ወይ ነቢዩን ፈርቷል።

ከነሱ በፊት ተመሳሳይ ነገር እዚያው ጃፋ አጠገብ መሞከሩንም ልጨምር። ክሎሪንዳ ማይነር የምትባል የፊላደልፊያ ሴት በ1850ዎቹ ተመሳሳይ እምነት ይዛ መጥታ «የተስፋ ተራራ» ያለችውን እርሻ ጀመረች። እሷ በ1855 ሞተች። በጃንዋሪ 1858 ሽፍቶች ሌሊት ገብተው አንድ ሰው ገደሉ፣ ሴቶችን ደፈሩ። የቀሩት ወደ አሜሪካ ተመለሱ። ይህ ከስምንት ዓመት በፊት የሆነ የአሜሪካ ቆንስላ ጉዳይ ነው፤ በጋዜጣ ወጥቷል። ማወቅ የፈለገ ማወቅ ይችል ነበር።

ቦስተን ነኝ

እና ከሆነ እኮ ለእኔ ነው የመሰከርክልኝ። ማወቅ እየቻሉ ሄዱ ማለት ነው። ተሸወዱ ማለትህን ተው!

ዝም አልልም

😄 ይህቺን ወስደሃታል።

የቄሱ የልጅ ልጅ

አስተያየት አልሰጥም ብዬ ነበር። ግን ነገሩ እኛ ቤት ስለገባ ልናገር።

እኛ ቤተ እስራኤል የራሳችን ኔሊ ቻፒን አለን። መርከብ የለበትም እንጂ። በ1862፣ ማለትም እነዚህ ሰዎች ከመነሳታቸው አራት ዓመት በፊት፣ አባ መሐሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝባቸውን ከጎንደር ዙሪያ አስነስተው ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ አሉ። ዘመኑ የአፄ ቴዎድሮስ ነው። የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን መጥተው ሕዝቡን ሃይማኖትህን ለውጥ እያሉ ያስጨነቁበት ጊዜ ነው። አባ መሐሪ ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው መሩ። በሬውን፣ ቤቱን፣ የሸማ ዕቃውን፣ ወናፉን ጥሎ የወጣ ብዙ ነው። ትግራይ፣ አክሱም አካባቢ ሲደርሱ ረኃብና በሽታ ጨረሳቸው። ባሕሩንም አላዩትም። የተረፉት ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ።

እኛ ቤት ውስጥ አባ መሐሪን አጭበርባሪ ብሎ የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አያቴ ስማቸውን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። «ቀን ቀደማቸው» ነው የሚሉት። ጊዜው አልደረሰም ለማለት ነው።

እና ዝም አልልም፣ እስቲ ንገረኝ። በ1980ዎቹ ወላጆቼ በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲሄዱ ያ የአባ መሐሪ መንገድ አልነበረም ወይ? መንገድ ላይና ካምፕ ውስጥ ወደ 4,000 ሰው እንደሞተ ነው የሚነገረው። እኛ ግን ስለደረስን ጀግና ተባልን። የሜይኖቹ ስላልተሳካላቸው ጅል ሆኑ። ቢሳካላቸው ኖሮ ዛሬ ስማቸው በመንገድ ላይ ይጻፍ ነበር።

ሰብለ ሕግ

ይህ ከባድ ነው። ወላጆችህን እግዚአብሔር ይባርካቸው። ግን ይቅርታ አድርግልኝና ልዩነቱን ልናገር። አባ መሐሪ ገንዘብ አልያዙም። ከሕዝባቸው ጋር ተራቡ። ወላጆችህ የሸሹት ደግሞ ጦርነትና ረኃብ፣ ነቢይም አልነበራቸውም። አዳምስ ግን የማኅበሩን ገንዘብ ይዞ፣ የተሻለው ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ጠጥቶ ነው የቆየው። መከራውን ከተከታዩ ጋር የሚካፈል መሪና የማይካፈል መሪ አንድ አይደሉም። ሕግም ልዩነቱን ያያል።

የቄሱ የልጅ ልጅ

አዳምስን አልተከላከልኩም እኮ። የተከላከልኩት ተከታዮቹን ነው። ነገሩን ሁሉ «ሸወዳቸው» በሚል አንድ ቃል ስትዘጉት የነሱ እምነት የት ይገባል? ሰው እኮ በውሸታም ሰው አፍ የሰማውን እውነት ብሎ ሊያምንበት ይችላል።

ጋፋት ሰፈር

ልጆቼ፣ ደብረ ታቦር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬም ገፍቷል፤ ጽሑፌ ቢረዝም ታገሡኝ። ከጃፋው ሰፈር ጋር የኛ አገር ቀጥተኛ ዝምድና እንዳለው የምታውቁ አልመሰለኝም።

ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ይሠሩ የነበሩትን ፈረንጆች ታውቃላችሁ። ሴባስቶፖልን ከሠሩት አንዱ ሞሪትዝ ሆል ነው፤ በትውልድ የፖላንድ አይሁዳዊ፣ በኋላ ክርስቲያን የሆነ። ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ ናት፣ በፈረንጅ ስሟ ካታሪና። አባቷ ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት። መቅደላ በ1868 ስትወድቅ እንግሊዞች እነዚህን ሁሉ ይዘው ወጡ። በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ስሟን ማግዳሌና አሏት፤ መቅደላን ለማስታወስ መሆኑ ነው።

ታዲያ ሆል ቤተሰቡን ይዞ የት ገባ? ጃፋ! እነዚህ አሜሪካኖች ጥለውት በሄዱት ሰፈር። ማግዳሌና እዚያው አድጋ ፕላቶን ኡስቲኖቭ የሚባል የሩስያ ባላባት አገባች። ሰውዬው በሰፈሩ ውስጥ ሆቴል ዱ ፓርክ የተባለ ሆቴል ነበረው። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም በ1898 ወደ ኢየሩሳሌም ሲያልፍ ያደረው እዚያ ነው። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፣ ኔሮን ሆኖ የተወነው የእንግሊዝ ተዋናይ። የጋፋት መድፍ ሠሪ የልጅ ልጅ ልጅ! ይህን ስነግራቸው ልጆቼ አያምኑኝም።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። አሜሪካኖቹ ሲበተኑ ቤቶቹ ባዶ አልቀሩም። በ1869 ቴምፕለር የሚባሉ የጀርመን ሰዎች ገዟቸው። የመስቀል ጦርነት ጊዜዎቹ አይደሉም፤ በ1861 በቩርተምበርግ የተመሠረተ ማኅበር ነው። እነሱም ለጌታ መምጣት ቅድስት አገርን እናዘጋጅ ብለው ነው የመጡት። ሐሳቡ አንድ፣ ቤቱም አንድ፣ ባሕሩም አንድ። እነዚያ በዓመት ፈረሱ፤ እነዚህ ከሰባ ዓመት በላይ ቆዩ። ከጃፋ ወጣ ብሎ ባለው ሳሮና በ1871 ሰፈር መሠረቱ። እዚያም ወባ ብዙ ሰው ገደለባቸው። ግን አልሸሹም። ረግረጉን ለማድረቅ ምን ተከሉ መሰላችሁ? ባሕር ዛፍ! ምኒልክ ገና አዲስ አበባን ሳይቆረቁሩ። ብርቱካን ተከሉ፣ ሠረገላ አስነዱ፣ ሐኪም አመጡ፣ ወፍጮ ተከሉ።

እና እኔ የምለው፣ እምነቱ አይደለም የጣላቸው። እምነቱ ከሆነ ጀርመኖቹንም ይጥላቸው ነበር። አሜሪካኖቹን የጣላቸው ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መሰቀሉ ነው። ቴምፕለሮቹ ሁለት መሪ ነበራቸው፣ ሆፍማንና ሃርዴግ። ሁለቱ ተጣልተው ተለያዩ። ማኅበሩ ግን ቆመ። አዳምስ ሲሰክር ማኅበሩም አብሮ ሰከረ።

ቦስተን ነኝ

ጋሼ፣ ይህ የዛሬው ምርጥ ነው። ጀርመኖቹ ግን ከኋላቸው አገር ቤት የሚደግፍ ገንዘብና የሰለጠነ የእጅ ባለሙያ በብዛት ነበራቸው። የሜይኖቹ ድልድያቸውን አቃጥለው ነው የመጡት። የሚመለሱበት ቤት እንኳን ጃፋ ላይ ቆሟል!

ዝም አልልም

ጋሼ ጋፋት፣ ታሪኩ ጣፋጭ ነው፤ ግን የቴምፕለሮቹን መጨረሻም ይንገሩን እንጂ። ብዙ ወጣቶቻቸው በ1930ዎቹ የናዚ ፓርቲ ውስጥ ገቡ። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዞች አጥር ውስጥ ከተቷቸው፤ በ1941 ብዙዎቹን ወደ አውስትራሊያ ጫኗቸው። ሳሮና ዛሬ ቴል አቪቭ መሃል ምግብ ቤትና ሱቅ ነው። የተሳካለት እምነት ብለው የሚያወድሱት ይህን ነው?

ጋፋት ሰፈር

አላወደስኩም ልጄ። ቆዩ ነው ያልኩት። መቆየትና መልካም መሆን ለየብቻ ነው።

ሃና ከሃይፋ

እኔ ደግሞ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ጃፋ ባዶ አልነበረችም። እነዚህ ሁሉ «መሬቱን ልናዘጋጅ መጣን» ይላሉ። ለማን? ከማን? ሰዎቹን በጀልባ ከማዕበል ያወጣቸው ማነው? የጃፋ አረብ ቀዛፊ። እርሻው ላይ በቀን የሠራላቸው ማነው? የአካባቢው ገበሬ። የብርቱካን እርሻውን ጥበብ ከመጀመሪያውም ያውቅ የነበረው ማነው? በ1948 አብዛኛው የጃፋ አረብ ነዋሪ ከከተማው ተፈናቀለ። ስለዚህ «አዳምስ ሜይኖችን ሸወደ» የሚለው ክርክር ለእኔ ግማሹ ብቻ ነው።

የያፎ ጎረቤት

ሃና፣ ልክ ነሽ፤ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ቀዛፊዎቹን ጻፍኩ፣ ስም እንኳ አልሰጠኋቸውም። ከተጻፉት ታሪኮች ውስጥም እነሱ ስም የላቸውም። አዳምስ ግን ሁሉም ቦታ አለ።

አሁን ያልኩትን አቋሜን ልናገር፤ ሰብለንም ልመልስ።

40 ሰዎቹን የጫነችው ያቺ ኩዌከር ሲቲ ላይ አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይንም ተሳፋሪ ነበረ። ወሬ አነፍናፊ ጋዜጠኛ ነው፤ ጠየቃቸው። ዝም አሉት። ከአንድ ሁለት ወጣቶች በስተቀር የሚያወራ ጠፋ። እነሱም በግድ፣ ቁርጥራጭ ነገር ነው የነገሩት። ባሕሩ አሞአቸው መርከቡ ወለል ላይ ተኝተዋል፤ ግን ዝምታው የባሕር በሽታ አልነበረም። አፍረው ነው። ይህን ሳነብ የእኔ አክስት ፊት መጣብኝ። አክስቴ አንድ ሰባኪ የጠራትን ቦታ ሁሉ ስትከተል ኖራ፣ የጆሮ ወርቋን፣ ከዚያም ቤቷን ሸጠች። ቤቱ ሲያልቅ ሰባኪው ስልኳን ማንሳት ተወ። ለመጠየቅ ስንሄድ ስለሱ አንድ ቃል አትተነፍስም። ዘመዶቻችን «ሸወዳት» ሲሉ ነው ከሁሉም በላይ የምትከፋው። ያን ቃል የሰማች ዕለት እህል አትቀምስም። ለእሷ ሸወዳት ማለት አንቺ ጅል ነሽ ማለት ነው። ለዓመታት የጸለየችው ሁሉ ቀልድ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ነው ቃሉን የማልወደው። አዳምስን ነጻ ለማውጣት አይደለም።

ደግሞ እዚያው መርከብ ላይ ሌላ ሰው ነበር፣ ሞሰስ ቢች የሚባል የኒውዮርክ ጋዜጣ ባለቤት። እስክንድርያ ሲደርሱ ወደ ሜይን ለመመለስ ምን ያህል ያስፈልጋቸዋል ብሎ ቆንስሉን ጠየቀ። 1,500 ዶላር በወርቅ ተባለ። ቼክ ጽፎ ሰጠ። ምክርና ተግሣጽ ሳይጨምር ማለት ነው። መንግሥት ማስቆም ነበረበት ወይ ብላችሁ ትከራከራላችሁ። እኔ ማስቆም አይችልም፣ አይገባውምም ባይ ነኝ። መርከብ ሲነሳ ማስቆም ከጀመርን የቄሱ የልጅ ልጅ ወላጆችም ሱዳን አይደርሱም። ግን የተሰበረ ሰው መመለሻ መሳፈሪያ ማግኘት አለበት። ያን የሰጠው ደግሞ መንግሥት ሳይሆን የጋዜጣ ሰው ሆነ።

ሰብለ ሕግ

የያፎ ጎረቤት፣ ስለ አክስትሽ አዝናለሁ። ግን በትክክል የእኔን ነጥብ ነው ያጠናከርሽው። መመለሻ ከመስጠት በፊት ገንዘቡን መቆጣጠር ይቻላል እኮ። ሂዱ ማለትና አትሂዱ ማለት ብቻ አይደለም ያለው። የማኅበሩ ገንዘብ በአንድ ሰው ኪስ እንዳይገባ፣ ሂሳቡ እንዲታይ፣ ቆንስሉ ከመሬት ድለላው እንዲወጣ። ይህ እምነትን መንካት አይደለም። ጋሼ ጋፋትም ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተሰቀለ ብለዋል። ያን ትከሻ ነው ሕግ የሚይዘው።

የቄሱ የልጅ ልጅ

በዚህ እስማማለሁ። ሂሳብ ይታይ። እምነት አይታይ።

ዝም አልልም

እኔ ግን አሁንም ሸወዳቸው ነው የምለው። የያፎ ጎረቤት አክስት ፊት ግን አልለውም።

ቦስተን ነኝ

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። ከቀሩት ውስጥ ሮላ ፍሎይድ የሚባል ሰው አለ። እሱም ከሜይን አብሮ የመጣ ነው። አልተመለሰም። አረብኛ ተማረ፣ ከጃፋ ኢየሩሳሌም ሠረገላ ማመላለስ ጀመረ፣ ከዚያ ታዋቂ አስጎብኚ ሆነ፤ ለቶማስ ኩክ የጉዞ ድርጅትም ሠርቷል። እስከ 1911 ኖረ። ከወደቀ ማኅበር ውስጥ እንጀራ ያወጣ ሰው ነው። እሱን ተሸወደ ትሉታላችሁ ወይስ ተጠቀመ?

ጋፋት ሰፈር

ሁለቱንም በል። ሰው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ አያውቅም።

የያፎ ጎረቤት

ዓርብ ነው፤ ሻባት ሊገባ ነው፤ ስልኬን ላጠፋ ነው። ሃና፣ የቀዛፊዎቹን ነገር የሚያውቅ አንድ የያፎ ሽማግሌ አለ፣ እሁድ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ቤቱ ክፍት ከሆነም የእንጨቱን መገጣጠሚያ ፎቶ አንስቼ እለጥፍላችኋለሁ።

ሰብለ፣ የልጆቹን ጥያቄ አልመለስኩልሽም። አውቃለሁ።